በብረት ሰሌዳ ላይ ፎቶ መነሳት (ቲንታይፕ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲንታይፕ ምንድን ነው?

ያለ ፊልምና ያለ ወረቀት፣ በጥቁር ቀለም በተሸፈነ ስስ የብረት ሰሌዳ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ፎቶግራፍ ነው። ካሜራው ውስጥ የሚገባው፣ በኬሚካል የሚታጠበውና በመጨረሻ እጅዎ የሚገባው ያው አንዱ ሰሌዳ ነው። ምስሉ የተሠራው ከብር ነው። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ደቃቅ የብር ብናኝ ይቀራል፤ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ላይ ያለው ታጥቦ ስለሚሄድ ከሥሩ ጥቁሩ ቀለም ይታያል። ፊትዎ ላይ የሚያዩት ብሩህ ቦታ ሁሉ ብር፣ ጥላው ሁሉ ባዶ ሰሌዳ ነው።

ዘዴው የቆመው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ ባደረገው የእርጥብ ኮሎዲየን አሠራር (ኮሎዲየን የሚባል ፈሳሽ ሰሌዳ ላይ ፈስሶ ሳይደርቅ ፎቶ የሚነሳበት ዘዴ) ላይ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አርቸር የሠራው በመስታወት ላይ ነበር። በ1853 ፈረንሳዊው አዶልፍ አሌክሳንደር ማርቲን በብረት ላይም እንደሚሠራ አሳየ፤ በ1856 ደግሞ ኦሃዮ በሚገኘው ኬንየን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ሐሚልተን ስሚዝ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ብረት እንደ መስታወት አይሰበርም፣ ርካሽም ነበር። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ተነስተው ለቤተሰብ በፖስታ የላኩት ለዚህ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ የሚጠቀመው በፋብሪካ ጥቁር ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አይዝግም። የድሮውን ከአዲሱ ለመለየት ማግኔት ይበቃል፤ የድሮው ብረት ስለሆነ ይሳባል፣ አሉሚኒየሙ አይሳብም።

ከዳጌሮታይፕ በምን ይለያል?

ዳጌሮታይፕ በ1839 ፓሪስ ውስጥ ይፋ የሆነው ቀዳሚው ዘዴ ነው። ሰሌዳው እንደ መስታወት እስኪያብለጨልጭ የተወለወለ፣ በብር የተለበጠ መዳብ ነው። በአዮዲን ትነት ለብርሃን ስሱ ይደረጋል፣ ምስሉም በሜርኩሪ ትነት ይወጣል። ገጽታው በጣት እንኳ ስለሚጠፋ መስታወት ሥር ይታሸጋል። ዛሬ የሚሠሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ስቱዲዮ ሄደው በአንድ ቀጠሮ የሚነሱት የብረት ፎቶ በአብዛኛው ቲንታይፕ ነው።

የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ በዚህ ዘዴ የተነሳ ነው?

ቲንታይፕ አይደለም፤ ግን የቅርብ ዘመድ ነው። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት ያነሳችው በ1868፣ በመስታወት ላይ በተሠራ እርጥብ ኮሎዲየን ነው። ከመስታወቱ ኔጌቲቭ (ብርሃንና ጥላው ከተገለበጠበት ምስል) ወደ ወረቀት ታተመ። ኬሚካሉ ብርሃንንና ቀለምን የሚያይበት መንገድ ግን እዚህ ከምንናገርለት ጋር አንድ ነው። ጠይም ፊት በዚህ ዘዴ እንዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ያን ፎቶ ረጋ ብሎ ቢያየው ይጠቅመዋል።

ቀጠሮዬ ላይ ምን ይደረጋል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ለአንድ ሰሌዳ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይያዙ፤ የመጨረሻው እጥበትና ቫርኒሽ ከዚያም በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከካሜራው ኋላ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ዓይንዎን ጥርት አድርጎ ያስተካክላል። ቦታዎ ከተስተካከለ በኋላ አለመነሳት ነው የሚሻለው።

ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ኮሎዲየን ይፈሳል። ኮሎዲየን በኤተርና በአልኮል የሟሟ፣ አዮዳይድና ብሮማይድ ጨዎች የተጨመሩበት ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። መሐል ላይ ይፈስና ሰሌዳው እየተዘነበለ ወደ አራቱም ማዕዘን ይሄዳል፤ ትርፉ በአንዱ ጥግ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሴኮንዶች ነው የሚወስደው፤ እጅ የተካነ መሆኑ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው።

ኮሎዲየኑ ረጋ ሲል ሰሌዳው በቀይ ብርሃን ጨለማ ክፍል ውስጥ ወደ ብር ናይትሬት ገንዳ ይገባል። ገንዳው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 9 ግራም ገደማ ብር ናይትሬት ይይዛል። ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ ወተት የመሰለ ቀለም ይዟል። ለብርሃን ስሱ የሚሆነው አሁን ነው። እየተንጠባጠበ መያዣው ውስጥ ገብቶ ወደ ካሜራው ይመጣል።

ፎቶው ተነስቶ፣ ታጥቦ እስኪያልቅ ሰሌዳው መድረቅ የለበትም። በተራ የክፍል ሙቀት ያለው ጊዜ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ በሞቃትና ደረቅ አየር ያንሳል። ፎቶ አንሺው የሚጣደፈው ለዚህ ነው፣ አይታዘቡት።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣ ፈሳሽ) ይፈስበታል። የተለመደው ቅመም 350 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 15 ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ ትንሽ አሴቲክ አሲድና ትንሽ አልኮል ነው። ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጥ ምስሉ ብቅ ይላል፣ ወዲያው በውሃ ይቆማል።

የመጨረሻው ክፍል በብርሃን ፊት የሚሠራ ስለሆነ እንዲያዩት መጠየቅ ይችላሉ፤ እንዳያመልጥዎ። ሰሌዳው ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸና ፈሳሽ) ውስጥ ሲገባ ኔጌቲቭ መሳይ፣ ሰማያዊ ደመና የለበሰ ነው። ጥቂት ሳይቆይ ደመናው ከጠርዝ እየተገፈፈ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ነጩ ልብስ፣ ከዚያ ግንባር፣ አፍንጫ፣ በመጨረሻ የዓይን ብሌን ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ይወጣሉ። ፊክሰሩ ሶዲየም ታዮሰልፌት ከሆነ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሚፈስ ውሃ መታጠብ አለበት። ሲደርቅ በመብራት ነበልባል ሞቅ ተደርጎ ቫርኒሽ ይፈስበታል። ባህላዊው ቫርኒሽ ሳንዳራክ ከሚባል የዛፍ ሙጫ፣ ከአልኮልና ከላቬንደር ዘይት የሚቀመም ነው፤ አዲስ ሰሌዳ ሲያሸቱት ደስ የሚል ሽታ ያለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ፊቴ ከእውነተኛው መልኬ ጠቁሮ ይወጣል ሲሉኝ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሐበሻ ሆኖ ለሚነሳ ሰው ከሁሉም በላይ ማወቅ የሚያስፈልገውም ይህ ነው።

ሰሌዳው የሚያየው ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውንና ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ቀይን አያይም፤ ብጫንና አረንጓዴን በጭንቅ ያያል። ቆዳችንን ጠይም የሚያደርገው ሜላኒን ደግሞ በተለይ ይህንኑ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ ጠይሙ ጥቁር፣ ቀዩ ጠይም ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ የመታው ግንባር ከጉንጭ ይጠቁራል፤ ማድያትና የብጉር ጠባሳ በመስታወት ከሚታየው በላይ ይጎላል።

ይህ ግን ፊትዎ ጥላ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። ፊት ጠፍቶ ልብስ ብቻ የደመቀበት ሰሌዳ የፎቶ አንሺው የመለካት ስህተት ነው፣ የቆዳዎ አይደለም። ለነጭ ቆዳ የለመደ ባለሙያ በዚያው የብርሃን መጠን ካነሳዎት ሰሌዳው ብርሃን ያንሰዋል። ለጠይም ፊት ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ብርሃን ወይም ጊዜ ያስፈልጋል፤ ልኩ የሚወሰደውም ከፊት እንጂ ከልብስ አይደለም። በተጨማሪ ብርሃኑ ከጎን በሰፊው ሲመጣ ጉንጭና ግንባር ላይ ወዝ ይፈጥራል። በጥቁር ቆዳ ላይ የፊትን ቅርጽ የሚያወጣው ይህ ወዝ ነው። ስለዚህ ፊትዎን በዱቄት ፓውደር አያድርቁት፤ ስስ ቅባት ቢቀቡ ይመረጣል።

ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ባለሙያው ጥቁርና ጠይም ሰዎችን ያነሳባቸውን ሰሌዳዎች እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ማሳየት ካልቻለ ሌላ ይፈልጉ።

የሐበሻ ልብስ ብለብስ ያምራል?

ያምራል፤ ግን ይታሰብበት። ንጹሕ ነጭ ነጠላና ቀሚስ በጣም ብሩህ ሆኖ ይወጣል፤ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። የሁለቱ ልዩነት ሰሌዳው ሊይዝ ከሚችለው ሊበልጥ ስለሚችል ወይ ፊቱ ይጨልማል ወይ የነጠላው እጥፋት ጠፍቶ ነጭ ጉብታ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ነጣ ካለው ይልቅ ክሬም የሚመስለውን፣ በእጅ የተፈተለውን ጥጥ ይምረጡ፤ ብጫነት ያለው ነገር በሰሌዳው ላይ ግራጫ ይሆናል፣ የፈትሉ ሸካራነትም ጎልቶ ይታያል። ወይም ፎቶ አንሺው በጥቁር ካርቶን ከልብሱ ላይ ብርሃን እንዲቀንስ ይጠይቁት።

ጥለቱን በሚመለከት፦ ቀይ፣ ብርቱካናማና ወርቅማ ጥለት ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ሰማያዊ ጥለት ግን ይነጣና ከጨርቁ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ቀይና ወርቅማ ጥለት በክሬም ጥጥ ላይ እንደ ጥቁር ጥልፍ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ የእኛ ምርጫ ይህ ነው። የባንዲራው ሦስቱ ቀለማት ለየብቻ አይለዩም፤ ሦስቱም ጠቆር ያሉ መስመሮች ይሆናሉ። ብር መስቀልና ብር ጌጥ በደንብ ያበራል፤ ወርቅ ይጠቁራል፣ የሚያበራው ብርሃን የሚያንጸባርቅበት ጠርዝ ብቻ ነው።

ሌላ ልብስ ከሆነ ሸካራ ጨርቅ፣ ሹራብ፣ ሱፍ፣ ጂንስ ይምረጡ። ጂንስ ከሚጠብቁት በላይ ይነጣል። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ተገልብጦ ስለሚነበብ ይተውት።

ሜካፕ፣ መነጽር፣ ንቅሳትና ሂናስ?

በዚያ ቀን ሰንስክሪን አይቀቡ። አልትራቫዮሌትን ስለሚያግድ ፊት ላይ የተዥጎረጎረ ጥቁር ጭቃ የተቀቡ ያስመስላል፤ ብዙ ፋውንዴሽኖችም ውስጣቸው ሰንስክሪን አለ። ቀይ ሊፒስቲክ ጥቁር ይሆናል። ኩል ችግር የለበትም፣ እንዲያውም ዓይንን ያጎላል።

በብርሃን የሚጠቁር መነጽር በስቱዲዮው ብርሃንም ይጠቁራል። ተራው መነጽር እንኳ አልትራቫዮሌት የሚያግድ ሽፋን ካለው ትንሽ ጠቆር ሊል ይችላል። ያለ መነጽር ራስዎን የማይመስሉ ከሆነ ሌንስ የሌለው ባዶ ፍሬም ይዘው ይሂዱ።

የእናቶች የአንገትና የግንባር ንቅሳት ዓይናችን ላይ ቁልጭ ቢልም በሰሌዳው ላይ ሊደበዝዝ ወይም ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላ ሲሆን ይነጣል፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። እናትዎን የሚያስነሱት ንቅሳቷ እንዲታይ ከሆነ ከዚያው ቀን በተራ ካሜራም ያስነሷት። ሂና በተቃራኒው ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ስንት ሴኮንድ ሳልንቀሳቀስ እቆያለሁ?

እንደ ብርሃኑ ነው። በማያቋርጥ የስቱዲዮ ብርሃን ወይም ደጅ በጥላ ውስጥ ከ4 እስከ 10 ሴኮንድ፤ በጠራ ፀሐይ ከዚያ ያነሰ። ሰሌዳው የብርሃን ስሜቱ በአይኤስኦ (የፊልምና የካሜራ የብርሃን ስሜት መለኪያ) ሲለካ 1 አካባቢ፣ ማለትም እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። የተለመደው ቢጫ አምፖል ምንም ያህል ቢበዛ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ሰማያዊ ብርሃኑ እጅግ ጥቂት ነው። አንዳንድ ስቱዲዮዎች እጅግ ኃይለኛ ፍላሽ ስለሚጠቀሙ ፎቶው በአንድ ብልጭታ ያልቃል። ድንገተኛ ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚቀሰቅስበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ዓይን ማርገብገብ አያሳስብዎ፣ ፈጣን ስለሆነ አይመዘገብም። የሚያበላሸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ነው። የድሮ ሌንሶች ጥርት አድርገው የሚያሳዩት ጥልቀት በጣም ቀጭን ነው፤ ሽፋሽፍት ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ከተጠጉ ጥራቱ ከዓይን ወደ ጆሮ ይሸሻል። ስለዚህ ከኋላ ማጅራትን የሚደግፍ የብረት መቆሚያ አለ፤ በእርጋታ ይደገፉት። ትንፋሽዎን በግማሽ ያውጡና ያዝ ያድርጉት፤ አንድ ነጥብ ላይ ይዩ። ጥርስ የሚያሳይ ሳቅ በስምንት ሴኮንድ ውስጥ ስለሚረግፍ ከንፈር ይደበዝዛል። የሚያስደስት ነገር እያሰቡ አፍ መግጠም ይሻላል፤ ደስታው ዓይን ላይ ይቀራል።

ምስሉ ለምን ግራ ቀኙ ተገለበጠ?

ሌንስ የጣለው ብርሃን በቀጥታ የሚያርፈው እርስዎ በሚይዙት ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ራስዎን የሚያዩት በመስታወት እንደሚያዩት ነው። የጋብቻ ቀለበት ቀኝ እጅ ላይ፣ የተለየ የፀጉር መስመር በሌላው ወገን ይሆናል። በዚህ የተነሳ የአሜሪካው ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድ ለረጅም ጊዜ ግራኝ ነው ሲባል ኖሯል፤ ቲንታይፑ ላይ ሽጉጡ በግራ ወገን ስለሚታይ። ያ ሰሌዳ በ2011 በጨረታ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በዲጂታል የተቀዳውን ግን ገልብጦ ማስተካከል ቀላል ነው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ነጠብጣብና ጭረት ጉድለት ነው?

አንዳንዱ የዘዴው ጠባይ ነው፤ አንዳንዱ የሥራ ጉድለት። ጠርዝ ላይ ያለ ያልተስተካከለ መስመርና በአንድ ጥግ የሚታይ የጣት ወይም የመያዣ ምልክት በእጅ የተሠራ ሰሌዳ ሁሉ ያለው ነው።

ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ነጥቦች የሚመጡት ኮሎዲየን ወይም የብሩ ገንዳ ውስጥ ከገባ አቧራ ነው። ጠርዝ ላይ እንደ ጭስ የሚታይ ቡናማ እድፍ ካልተጠረገ መያዣ ይመጣል። ምስሉ በሙሉ በግራጫ ጉም ከተሸፈነ ዴቨሎፐሩ ሞቋል ወይም ብዙ ቆይቷል፤ ገንዳው አሲዳማነቱን አጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ወይም የሆነ ቦታ ብርሃን ሾልኮ ገብቷል። አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ጠቆር ያለ ክብ ካዩ ዴቨሎፐሩ በስሱ ተዘርግቶ በመፍሰስ ፋንታ በኃይል አንድ ቦታ ላይ ወርዷል። ሽፋኑ ከጠርዝ እየተላጠ ከሆነ ሰሌዳው ከመጀመሪያው ንጹሕ አልነበረም።

ዓይንና አፍንጫ አካባቢ ከባድ እድፍ ካለ ወይም ፊትዎ ከተዋጠ ድጋሚ ይነሱ ዘንድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥሩ ስቱዲዮ ይህን ራሱ ያቀርባል።

ኬሚካሉ ይጎዳኛል?

የማይነካውን ካልነኩ ለተነሺው ያለው አደጋ አነስተኛ ነው። ብር ናይትሬት ቆዳ ላይ ጥቁር እድፍ ይተዋል፤ ለቀናት አይለቅም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እርጥቡን ሰሌዳ አይንኩ፣ ጨለማ ክፍል ሲገቡም መከላከያ መነጽር ይጠይቁ። ኤተር በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲጋራ ማጨስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ፊክሰር አድርገው ፖታሲየም ሳያናይድ ይጠቀማሉ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ዴቨሎፐሩ ደግሞ አሲድ አለው። ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ የትኛውን ፊክሰር እንደሚጠቀሙ አስቀድመው ይጠይቁ። ታዮሰልፌት በሚጠቀም ስቱዲዮ ልጅ ቢያይ ሥጋት የለም።

ሕፃንና ቤተሰብ አብሮ መነሳት ይችላል?

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በፍላሽ ካልሆነ ይከብዳል። የተኛ ሕፃን ግን በእናቱ ክንድ ላይ በጣም ጥሩ ይወጣል። ለቡድን የሁሉም ዓይን ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ መሆን ስላለበት በአንድ መስመር ይቀመጣሉ፤ ከአራት ሰው በላይ ሲሆን ትልቅ ሰሌዳ ይምረጡ።

ሁለት ቅጂ ማግኘት እችላለሁ?

ኔጌቲቭ የለውም። ሁለት ሰሌዳ ከፈለጉ ሁለት ጊዜ ይነሳሉ፣ ሁለቱም ይለያያሉ። በወረቀት ማሳተም የሚቻለው ሰሌዳው በከፍተኛ ጥራት ከተቀዳ ነው። ከመክፈልዎ በፊት የሚያጣሩት ይህንን ነው፦ ዋጋው ዲጂታል ቅጂውን ይጨምራል ወይ? ቫርኒሽ ይቀባል ወይ? ከተበላሸ ድጋሚው በነጻ ነው ወይ? ዋጋውን በዋናነት የሚወስነው የሰሌዳው ስፋት ነው። በብዛት የሚሠራው 10 በ13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ነው፤ ለአንድ ሰው ፊትና ደረት ይበቃል። 20 በ25 ሴንቲ ሜትሩ ለግድግዳ የሚሆን ነው፣ ግን የሚጠራው ጥልቀት ከዚያም ስለሚቀጥን ይበልጥ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማሠራት ይቻላል?

ተፈጥሮው ይፈቅዳል። አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር የአዲስ አበባ የጥላ ብርሃን ለዚህ ሥራ ጠንካራ ነው። በዚያው ልክ ኤተሩ በከፍታና በደረቅ አየር ፈጥኖ ስለሚተን ኮሎዲየኑ ከሚጠበቀው ጊዜ ቀድሞ ይደርቃል፤ የማፍሰስና የማጥለቅ ጊዜው ማጠር አለበት። ትልቁ እንቅፋት ጉዞው ነው፦ ኤተርና ኮሎዲየን ተቀጣጣይ፣ ብር ናይትሬትም አቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። ከውጭ መጥቶ መሥራት የሚያስብ ባለሙያ ኬሚካሉን አገር ውስጥ ለማግኘት ወይም በሕጋዊ የጭነት መንገድ ለማስገባት ከወራት በፊት መጀመር ይኖርበታል።

እንዴት ላስቀምጠው? ለአገር ቤት ሰው መላክስ ይቻላል?

ቫርኒሹ በጥቂት ሰዓት የደረቀ ቢመስልም ጥቂት ቀን እስኪጠነክር ምንም ነገር አይጫኑበት። በአልኮል፣ በመስታወት ማጽጃ ወይም በሳኒታይዘር ፈጽሞ አይጥረጉት፤ አልኮል ቫርኒሹን ያሟሟል፣ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። አቧራ ካለው በለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። አይታጠፍ፤ ሲታጠፍ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀውም አይመለስም። ፍሬም ሲያስገቡት መስታወቱ ምስሉን እንዳይነካ መሐል ላይ የካርቶን ጠርዝ ይደረግ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አጠገብ አይስቀሉት።

ለመላክ አሲድ በሌለው ወረቀት ይሸፍኑት፤ ከዚያ ከሰሌዳው በሰፉ ሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መሐል አድርገው ጠርዙን በማጣበቂያ ያስሩ። ማጣበቂያው ሰሌዳውን እንዳይነካ። ሰው የሚወስድልዎ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ኤክስሬይ ያለቀ ሰሌዳን አይጎዳም። የሚጎዳው በጋለ መኪና ውስጥ መተው ነው፤ ቫርኒሹ ይለሰልስና ወረቀቱ ይጣበቅበታል።